ለሴት ወገብ ቤት ያበጁት ወይዘሮ ደብሪቱ አረጋ (1929–1983 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ደብሪቱ አረጋ ከአባታቸው ከአቶ አረጋ ቢሆነኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለች ከፋለ፣ ሙጃ አካባቢ ድንጋይ በር በምትባል መንደር በ1929 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ቀኑን ሲጠየቁ "ገብሱ ሲሸት ነው" ይሉ ስለነበር መስከረም ብለን ይዘነዋል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ለትምህርት አትሰጥም፤ ፊደል የቆጠሩት፣ ቄስ አጎታቸው ወንድሞቻቸውን ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጠው ነው።

በ1945 ዓ.ም. ከመሪጌታ ጋሻዬ ወርቅአገኘሁ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ወደ ላሊበላ መጡ፤ ብርቅዬንና ማሚቱን ወለዱ። የመሪጌታ ቤት እንግዳ አያጣውም። ተማሪው፣ ተሳላሚው፣ ዘመዱ ሁሉ በልቶ የሚሄደው በአንዲት ሴት ጉልበት ነው። ብርቅዬን በወለዱ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ተንበርክከው ሲፈጩ ወገባቸው ተያዘ፤ ሁለት ወር ቀና ማለት አቃታቸው። ሲሻላቸው መጀመሪያ ያደረጉት ወፍጮውን ማፍረስ ነበር። መሪጌታ "ሴትዮዋን ምን ነካብኝ!" ቢሉም አልሰሟቸውም። በጭቃና በጭድ መደብ ሠርተው ቆሞ በሚፈጭበት ልክ ወፍጮውን ከፍ አደረጉት። የእንስራውን ማስቀመጫ እስከ ወገብ አነሡት፤ ከምድጃው በላይ ጭስ መውጫ ከፈቱ።

ይህን ያየች ጎረቤት ሁሉ "ለኔም፣ ለኔም" አለች። እሳቸው ግን ሲጀምሩ ጭቃ አይነኩም ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ጥግ ይዘው ይቀመጡና ባለቤቲቱ ጎንበስ ባለች ቁጥር አንድ ጠጠር ቁና ውስጥ ይጥላሉ። ሲመሽ ቁናውን ለባልየው ያሳዩትና "በሬህ እንኳ ይፈታል፤ ይቺስ?" ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ጭድ አላቀርብም የሚል ባል አልነበረም።

ከሁሉ የተወደደላቸው ከጎታው ኋላ የሚሠሯት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረች። ሴቶቹ "እፎይ" አሏት። መቀመጫ መደብና ከክዳኑ ሥር የአየር ቀዳዳ አላት፤ ሌላ ምንም የላትም። እፎይ የገባች ሴት አትጠራም፤ ባልም ልጅም እስክትወጣ ይጠብቃል። ዐሥራ አምስት ቤት እንዲህ አበጅተዋል።

በ1977 ዓ.ም. መሪጌታ በሳንባ በሽታ ዐረፉ። በዚያው ክፉ ዓመት የእሳቸው ታናሽ እህት፣ የእኔ የምስጋኑ እናት አለሜ፣ አረፈች። አክስቴ ሁለት ሐዘን ላይ ሆነው እኔን ተቀበሉኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ዘመኑ አለፈ ቢባልም ይህን ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈራኛል።

በ1979 ዓ.ም. ሹሞች መጥተው ሥራቸው ለሌላው አርአያ ይሁን አሏቸው። አክስቴ ደስ ብሏቸው ዐሥራ አምስቱንም ቤት እየዞሩ እፎይን አስጎበኙ፤ አንዱ ሹም የየባለቤቶቹን ስም በደብተር ጻፈ። ምን እንዳደረጉ ያን ቀን አልገባቸውም፤ እኛም አልገባንም።

በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳው ላሊበላ ገባ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዜማ ቤት ሮጬ መጣሁ። አክስቴ እፎይ ካስገቡኝ በኋላ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ደብተሩ ትዝ አላቸው። የእሳቸውን እፎይ ብቻ ቢደፍኑ ይታወቃል፤ እርጥብ ጭቃም በብርድ ወር ቶሎ አይደርቅምና እጅ የነካው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ገና ሊሆን አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። በእኛ አገር ለገና ተሳላሚ የሚቀበል ቤት ግድግዳው በጭቃ ይለሰናል። ቤት ለቤት ሄደው ሴቶቹን ለመኑ። ዐሥራ አምስቱም እፎያቸውን ደፍነው ቤታቸውን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ቀን ለሰኑ፤ የእኛ እፎይ ግን እኔን ከውስጥ እንደያዘ ተደፈነ። ወይዘሮ ገለቴ ፈንታው የዐሥር ቀን አራስ ነበሩ፤ ከነጨቅላቸው እርጥብ ቤት ያደሩት ለእኔ ሲሉ ነው። ስማቸውን ሳልጠራ ብቀር እግዜር ይታዘበኛል።

በማግስቱ አሳሾቹ ደብተሩን ይዘው መጡ። ሴቶቹ ሁሉ "ለገና እንግዳ ቦታ ጠበበን፤ ደፈንነው" አሉ። አላመኗቸውም። የገለቴን ግድግዳ በዶማ አፈረሱት፤ ባዶ ነበር። ሌላ ቤት አፈረሱ፤ ደግሞ ሌላ። ዶማው እየቀረበ ሲመጣ እሰማለሁ። የጭቃው ቅዝቃዜ ደረቴ ገብቶ ሳል ይዞኛል፤ አፌን በነጠላዬ ጠቅጥቄያለሁ። እኛ ቤት ሲገቡ አመለጠኝ።

አክስቴ ጀርባቸውን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀምጠው ነበር። እኔ እንደሳልኩ ወዲያው እሳቸው ሳሉ። አንጀታቸው እስኪገለበጥ ሳሉ። ዶማ የያዘው ሰው ወደ ኋላ አለና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ "ባሌን የገደለው ነው፤ ሦስት ዓመቴ" አሉት። አሳሾቹ አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው ወጡ። ግን አልሄዱም፤ ሁለት ቀን ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። አክስቴም ሁለት ቀን ከዚያ ግድግዳ አልተነሡም፤ እኔ ብስልም ባልስልም እሳቸው ይስሉ ነበር።

ሰዎቹ እንደሄዱ አክስቴ ግድግዳውን አፍርሰው አወጡኝ፤ ወገል ጤና ከተማ ሄጄ ዘመድ ቤት ተደበቅሁ። ሳሉ ግን አክስቴን አልለቀቃቸውም። ለማስመሰል የጀመሩት እውነት ሆነ። የተደፈኑትንና የፈረሱትን እፎዮች መልሰው ሊከፍቱ ተነሥተው ሰባቱን ከፈቱ፤ ለቀሩት ስምንቱ ጭቃ ለመርገጥ ደረታቸው አልቻለም። እዚህም ወልድያም ታከሙ፤ ጤናቸው አልተመለሰም።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ ተመለስኩ። "አበቃ እኮ፣ ማንም አይፈልገኝም" ብላቸው አላመኑኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር በእጃቸው ወደ ጎታው ያመለክቱኝ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ከደጅ ኮቴ ተሰማ። የነፍስ አባታቸው ነበሩ። አክስቴ ድምፃቸው ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እጄን ጨብጠው፣ ያለቻቸውን ትንፋሽ ሰብስበው ሳሉ። እኔ አልሳልኩም ነበር። ሌላ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

ወይዘሮ ደብሪቱ አረጋ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ሲለዩን ልጆቻቸውን ብርቅዬንና ማሚቱን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና እኔን ትተዋል። የድንግል ማርያም ልጅ ፍርሃት ከማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው ኮቴ በሰማን ቁጥር የማይደነግጥ ልብ ይስጠን። አሜን።