ራእይህን ጽፈህ ላክልኝ ላልሽኝ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወት አደረገሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይጠዘጥዝሻል? አማቻችን እንደምን አለ? የፈረቃ ሥራው ቀለል አለለት? ልጆቹስ አደጉ? የባልሽ እናት ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እኔ አንቺን ከመናፈቄና ቤቱ ባዶ ከመሆኑ በስተቀር ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በስልክ ድምፅህ ከስቷል ብለሽኝ ነበር፤ የድምፄን እንጃ፣ ሱሪዬ ግን ያለ ቀበቶ አልቆም ብሏል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በስልክ ልነግርሽ ስላልቻልኩ ነው። ስልኩ ላይ ሁለታችንም ቶሎ ሆዳችን ይባባና ወሬው ሳያልቅ ደኅና ሁን፣ ደኅና ሁኚ ተባብለን እንዘጋዋለን። ባለፈው ደግሞ በመሥሪያ ቤታችሁ ስለተሰጠው ሥልጠና አጫወትሽኝ። ሰው ያለ ራእይ ከኖረ ነፋስ እንደሚገፋው ፌስታል ነው፤ ቁጭ ብለህ ከዛሬ አምስት ዓመት በኋላ የት መሆን እንደምትፈልግ አስብ፣ ራእይህን ጽፈህ ላክልኝ አልሽኝ። እንዳይቸግረኝ ብለሽም መልሱን ከራስሽ ጨመርሽልኝ፤ እናንተ ዘንድ መምጣት፣ ከአማቻችን ጋር መጋዘን መግባት፣ የጭነት ማንሻ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ትዳር። እሺ አልኩሽ። እሺ ያልኩሽ ግን አምኜበት አይደለም፤ እምቢ የምልበት ቃል ስላልነበረኝ ነው።

ስልኩን ዘግቼ እንዳልሽው ተቀመጥኩ። ከዛሬ አምስት ዓመት በኋላ የሚባለውን ለማየት ዐይኔን ብጨፍን የሚታየኝ የአባታችን አልጋ ብቻ ሆነ። አትፍረጂብኝ። ከታመመ ጀምሮ የእኔ ነገ የሱ ነገ ነበር። ነገ ምን ይብላ፣ ነገ በየትኛው ጎኑ ይተኛ፣ አንሶላው እስከ ነገ ይደርቅ ይሆን። ከማተሚያ ቤቱ ስወጣ ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ ነበር፤ በእኔ ማሽን የገባው ሰው ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። ያቺ የምታውቂያት ልጅም ጠበቀችኝ። ጠብቃ ጠብቃ አገባች። አልተቀየምኳትም፣ ሠርጓ ላይ ግን አልተገኘሁም፤ አባባን ብቻውን ጥዬ የት እሄዳለሁ አልኩ። ላልሄድኩበት ሁሉ አባባ ምክንያት ሆኖኝ ነበር። እሱ ሲሄድ ምክንያቱም አብሮት ሄደ፤ የምሄድበት ግን አልመጣልኝም።

አንቺ የምታስታውሺው ያንን ከባድ መኪና በአንድ እጁ የሚያዞረውን፣ ከመንገድ ሲመለስ ቤቱን በድምፁ የሚሞላውን አባባ ነው። እኔ የኖርኩት ከሌላኛው ጋር ነው። ግማሽ አካሉ ሲከዳው ቃሉም አብሮ ከዳው፤ የቀሩለት ጥቂት ቃላት ደግሞ አብዛኞቹ የሾፌር ቃላት ነበሩ። ዊልቸሩን ፈጠን አድርጌ ስገፋው 'ማርሽ ቀንስ' ይለኛል። በር ላይ ስንደርስ 'ግራህን ያዝ፣ ግራህን ያዝ' እያለ በደኅናው እጁ ያስጠጋኛል። ገላውን ሳጥበው ከበረደው 'ሞተሩ' ይላል፤ ሞተሩ ቀዘቀዘ ማለቱ ነው። እስቅ ነበር፤ እሱም በግማሽ ፊቱ ይስቃል። ለእታለም እነግራታለሁ እያልኩ ያስቀመጥኩት ሳቅ ብዙ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቅ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚወደው መላጨት ነበር። መንገድ ሰንብቶ ሲመጣ ጺሙን ሳይላጭ ቤት እንደማይገባ ታውቂያለሽ፤ እናታችን አቧራውን ይዞብኝ ይግባ፣ ጺሙን ግን ውጭ ይተወው ትል ነበር። ስለዚህ በየማለዳው ውሃ አሞቃለሁ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አደርጋለሁ፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አድርጌ እቀባዋለሁ። የማይሰማው ጉንጩ እንደ ጨርቅ ይጨማደዳል፤ በጣት ወጠር አድርጎ መያዝ ይፈልጋል። ስጨርስ መስታወት ይዤ አሳየዋለሁ። አንገቱን ቀና ያደርጋል። በዚያች ቅጽበት በሽተኛ አልነበረም።

እንዴት ሞተ ብለሽ ስትጠይቂኝ በእንቅልፉ ነው፣ አልተሠቃየም አልኩሽ። አለመሠቃየቱ እውነት ነው። በእንቅልፉ ግን አልነበረም፤ እየላጨሁት ነው የሞተው። የግራ ጉንጩን ጨርሼ ምላጩን ለማለቅለቅ ወደ ሳህኑ ዞር አልኩ። ስመለስ ዐይኑ መስኮቱ ላይ ነው፣ ግን አያይም። አባባ አልኩት። ደግሜ ጠራሁት። አንቺንም እኔንም አልጠራም፣ ኑዛዜም የለም። የመጨረሻ ቃሉ ትንሽ ቀደም ብሎ 'ውሃው ሞቅ ይበል' ያለኝ ነው። ሌላ የሚያጽናና ነገር ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ።

ሰው ልጥራ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው፤ እንዲያ ሆኖ ሰው እንዲያየው አልፈለግሁም። ተቀመጥኩና የቀኝ ጉንጩንም ላጨሁት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዳላቆስለው ተጠንቅቄ። ያ ጉንጩ እንደ ወትሮው ነበር፤ በሕይወት ሳለም አይሰማውም። ፊቱን በሞቀ ፎጣ አበስኩለት፣ ፎጣውን አጣጠፍኩ፣ ከዚያ ወጥቼ ጮህኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ለቅሶ ላይ የመጣው ሁሉ እንግዲህ አንተስ ይለኛል። አንዳንዱ ለበጎ ብሎ አሁንስ አረፍክ፣ የራስህን ኑሮ ትኖራለህ አለኝ። የራሴ ኑሮ ሲሉኝ የጠፋብኝን ዕቃ የሚያስታውሱኝ ነበር የሚመስለኝ። ሰዉ ሲበተን ብቻዬን ቀረሁ። ጠዋት ተነሥቼ ውሃ አሞቅሁ፤ ከሞቀ በኋላ ነው ለማን መሆኑ የጠፋኝ። ደፋሁት። በማግስቱም አሞቅሁ፣ በማግስቱም ደፋሁት።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የመጣችው። አንቺ አታውቂያትም፤ ከሄድሽ በኋላ ነው ከጀርባችን ያለውን ክፍል የተከራዩት። ባሏ ግንበኛ ነው። ሥራ ላይ ሳለ ከፎቅ ወድቆ ወገቡ ተጎድቶ አልጋ ላይ ቀርቷል። እጇን እያሻሸች በሩ ላይ ቆመች። አባቴን ሳሳምረው በመስኮት ታይ እንደነበር፣ ባሏ ጺሙ አድጎ ጫካ እንደሆነባት፣ የሰፈሩን ጸጉር አስተካካይ ብትለምነው ሱቄን ጥዬ አልመጣም እንዳላት ነገረችኝና፣ ከከበደህ ግን ተወው አለችኝ። ልቤ እምቢ አለ፤ አፌ እሺ አለ።

አንዲት ክፍል ናት። የስፌት መኪናዋ ካልጋው ጋር ተጠጋግቷል፤ አንሶላው ላይ ሁሉ ብጥስጣሽ ክር አለ። ግንበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ሳሙናና ብሩሽ መያዜን ሲያይ 'ለመቃብር ልታሰናዱኝ ነው?' አላት ሚስቱን። እሷ አፈረች፤ እኔ አልከፋኝም። አረፋ ቀባሁትና የግራ ጉንጩን ላጨሁ። ምላጩን ለማለቅለቅ ዞር ስል ግን እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። መመለስ አቃተኝ፤ ብመለስ ምን እንደማይ የማውቅ መሰለኝ። እንዲህ ቆሜ ከኋላዬ 'ምነው? ግማሽ ሰው አድርገህ ልትተወኝ ነው?' ሲል ሰማሁት።

ዞርኩ። ዐይኑን አፍጥጦ፣ ተቆጥቶ እያየኝ ነው። ያ ቁጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም፣ እታለም። ቀኙንም ላጨሁት፣ እንባዬ እየወረደ፤ እሱም እንዳላየ ሆነ። መስታወቱን ስሰጠው ፊቱን ብዙ አየ። አገጩን ዳሰሰ። በመጨረሻ 'ይሄ ሰውዬ የት ከርሞ ነው?' አለ። ሚስቱ ሳቀች፤ ከዚያ አንድ ነገር የረሳች መስላ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ቶሎም አልተመለሰችም።

ራእይህን ጻፍልኝ ብለሽኛልና ይኸውልሽ፤ ትንሽ ነውና እንዳትስቂብኝ። የጸጉር ሥራ ተምሬ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ካልጋ መነሣት ወዳልቻሉ ሰዎች በየቤታቸው መሄድ እፈልጋለሁ። ራሴን መላልሼ ስጠይቀው ሌላ የሚፈልገው ነገር አላገኘሁበትም። ከአንዱ አልጋ ወጥተህ ሌላ አልጋ ሥር ገባህ ትዪኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ግን ያኛው ወደቀብኝ እንጂ አልመረጥኩትም፤ ይሄኛውን መርጬ ነው። እነሱም አንድ ቀን እንደሚሞቱብኝ አውቃለሁ። ግንበኛውም ሰሞኑን እያሳለው ነው፤ የሚስቱ ፊት አላማረኝም።

ጸጉር አስተካካዩ ጋ ሄጄ አስተምረኝ አልኩት። ጺም ትችል ይሆናል፣ ጸጉር ግን ሌላ ነገር ነው ብሎ ጥረጊያ ሰጠኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ጸጉር እየጠረግሁ ነው። መቀስ ያስያዘኝ በራሱ ጭንቅላት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮፍያ አያወልቅም፣ ደንበኞቹም ምነው በረደህ ይሉታል። ቢሆንም አላባረረኝም። ማለዳ ስነሣ የማሞቀው ውሃ አሁን የሚሄድበት አለው። እውነቱን ለመናገር ግን ሁልጊዜ አልጠነክርም። የአባባን አልጋ እስካሁን አላወጣሁትም፤ አንዳንድ ቀን አንሶላውን ቀይሬ ሳነጥፍ ራሴን አገኘዋለሁ።

ስለዚህ አልመጣም። ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት። ያሰብሽልኝ ሁሉ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አንቺ ያየሽው የአንቺን ራእይ ነው፤ እኔ ልለብሰው ብሞክር በትከሻዬ ልክ አልሆነም። ደግሞ የምትጠሪኝ መጋዘኑ ሰው ቸግሮት ሳይሆን ናፍቄሽ እንደሆነ አልጠፋኝም። እኔም ናፍቀሽኛል። የእናታችንን ሳቅና የአባባን የመኪና ጥሩምባ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ከአንቺ ሌላ አልቀረኝም። ይህን እያወቅሁ አልመጣም ማለት አንጀቴን ነው የቆረጠው። እንዳትቀየሚኝ። ከተቀየምሽኝም ደውለሽ ተቆጪኝ እንጂ ዝም አትበዪኝ፤ ዝምታውን አልችለውም።

ለአማቻችን ስለደከመልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ ብሏል በይልኝ፤ የያዘልኝን ቦታ ለሌላ ለሚሻው ሰው ይስጠው። የባልሽን እናት ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ የሚያማቸውን ሳይሆን ደኅናውን። ትልቋን ልጅ፣ ለእኔ ብላችሁ ቀለም የቀባችሁት ክፍል የሷ መሆኑን ንገሪያት፤ መስኮቱ ጥሩ ነው ብለሽኛል፣ ታጥናበት። ትንሹን ዐይን ዐይኑን ሳሚልኝ። አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ካለሽ አይመጣም በይው፤ ይመጣል ብለሽ አታስጠብቂው። አባባ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ወንበሩን ወደ በሩ አዙርልኝ ይለኝ ነበር። ማንን እንደሚጠብቅ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከአባታችን ቤት፣
የካቲት 9 ቀን