የአፔኒሳ ስም ከክብር ሰሌዳው ስለ መቅረቱ

ለተከበሩ ሚስተር ማልኮም ዴርሊ
የአርድሊን ከተማ ራግቢ ክለብ ሊቀመንበር

ጤናዎ እንደምን ነው? ቅዳሜ በመረቁት የክብር ሰሌዳ ፊት ለፎቶ ሲቆሙ የዋሉ እግሮችዎ ከድካማቸው እንዳገገሙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰሌዳው ያምራል። ከክለባችን ወጥተው ለስኮትላንድ የተጫወቱ ስምንት ሰዎች ስም በናስ ታርጋ ተቀርጾ ተሰቅሏል፤ አንዱ እኔ ነኝ። ዘጠነኛው፣ አፔኒሳ ቫካሎ፣ የለም። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. አፔኒሳ በሃያ ዓመቱ ከፊጂ መጥቶ ቀን በግ ማረጃው ውስጥ እየሠራ፣ አመሻሽ ላይ ከእኛ ጋር ጭቃ ላይ ሲንከባለል እንደ ባዕድ ስላልቆጠሩት አመሰግናለሁ። ያኔ ክለቡ ከምድቡ ለመውረድ አፋፍ ላይ ነበርና ለጋዜጣው “የእኛ ልጅ” ያሉት እርስዎ ነዎት።

2. እሱ ለስኮትላንድ ሠላሳ አራት ጊዜ ተሰልፏል። እኔ አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቀይሬ ገብቼ ዘጠኝ ደቂቃ ስጫወት ኳሷን በእጄ አልነካኋትም። የእኔን ሰቅለው የእሱን የተዉበት ፍርድ ረቂቅነቱ አስደንቆኛል።

3. ስኮትላንድ ከዌልስ ጋር በተጫወተችበት ሳምንት እናቱ ፊጂ ውስጥ ሞተች። ለቀብሯ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። ቀረ። ወንድሞቹ ሁለት ዓመት ሙሉ አኮረፉት። እርስዎ ግን ከጨዋታው በፊት ብሔራዊ መዝሙሩ ላይ ሲያለቅስ አይተው የአገር ፍቅር ማለት ይህ ነው ብለው አሞገሱት።

4. ቅዳሜ ለእንግዶችዎ ወንበር የደረደረው እሱ ነበር። ሰሌዳው ሲገለጥ ስሙን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ አጣው፤ ቀስ ብሎም መጥቶ ጠየቀዎ። ከኋላችሁ ቆሜ ሰምቻለሁ።

“አፔ፣ እንዳትቀየመን፤ ሰሌዳው እዚሁ አገር ለተወለዱት ነው። አንተ እኮ እንግዳችን ነህ” አሉት።

የአሥራ ስድስት ዓመት እንግዳ። “ገባኝ፣ ጌታዬ” ብሎ ወንበሮቹን ወደ መጋዘን መለሰ። ወደ ቤቱ ሳደርሰው ግን መኪናው ውስጥ “ሂዩ፣ ከእናቴ ቀብር የቀረሁት ለማን ብዬ ነበር?” አለኝ። እርስዎ መልስ ካለዎት ቤቱን ያውቁታል።

ሰኞ ጠዋት ካቻቪቴ ይዤ መጥቼ የራሴን ታርጋ ፈትቻለሁ። በፖስታ ይደርስዎታል፤ ለወረቀት መጫኛ ይሆናል።

ለፍትሕዎ ጥልቀት ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ በዘጠኝ ደቂቃ የአገር ባለውለታ የሆንኩት
ሂዩ ፐርቪስ

ማስታወሻ፦ እኔ የተወለድኩት ድንበሩን ተሻግሮ እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ነው። እናቴ እንደነገረችኝ በማዋለጃው ክፍል ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የነበሩት እናትዎ ናቸው፤ እርስዎንም ያን ዕለት እዚያው ተገላግለዋል።