ለሙሾዬ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ከሰዓት

ሪሴፕሽን ላይ ነኝ። የደባርቅ ብርድ ዛሬ ከመሬት ነው የሚወጣው። ሁለት እንግዶች ብቻ፤ ጠዋት ወደ ፓርኩ፣ ወደ ሳንቃ በር ወጡ። የክፍል ቁልፎቹን ሰቀልኩ፣ አወረድኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። ጌታነህ ከሞተ ወዲህ እጄ ሥራ ሲፈታ አልወድም።

ደብተሬ፣ ስለሱ እስካሁን ልጽፍብህ አልቻልኩም ነበር። ዛሬ ግድ ሆነ። ታናሽ ወንድሜ። የአይሱዙ ሾፌር። ከአዲ አርቃይ ማሽላ ጭኖ ሊማሊሞን ሲወጣ ሁለት ወገን ሲታኮስ መሐል ገባ። የማን ጥይት እንደሆነ የነገረን የለም። ዳባት፣ ከአባታችን ጎን ቀበርነው። እሑድ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሙሾ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አክስታችን የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ከሷ ተጋብቶብኝ ይሆናል። አላሰብኩትም። ከአፌ ወጣ።

አሁን ጥጋቡ፣ አስጎብኚው፣ የቀብሩን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ከፍቶ መጣ። አንቺ ነሽ አይደል? አለኝ። እኔ ነኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየደቃሁ። የቀረጸችው የብርቱካን እህት ናት። ብርቱካን፣ የጌታነህ ሚስት፣ አርባው ሲቃረብ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። «ባሌን እዩልኝ» ብላ።

እነሱ ሲጣሉ ሥልጣን ለመካፈል፣
የኔ ሾፌር ወንድም ምን ነበር የሚከፍል?
ከዚህም ተኩሰው፣ ከዚያም ተኩሰው፣
መሐል ያለውን ልጅ ማን ቆጠረው ከሰው?

ድምፄን አላወቅሁትም። ከሥሩ ሰው ይሰዳደባል። አንዱ የመንግሥት ናት ይላል። ሌላው የታጣቂዎቹ ናት ይላል። ሦስተኛው የሆቴሉን ስም ጽፏል፤ ሪሴፕሽን ላይ የምትቀመጠዋ ናት ብሎ። እሱን ሳነብ ስልኩን ለጥጋቡ መለስኩለት።

ጋሼ ፈንታሁን፣ ባለሆቴሉ፣ አሁን ገቡ። እንዴት ዋልሽ ሳይሉኝ አለፉ። እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እንዲህ ሆነው አያውቁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተባረርኩ።

ጽፌ አየሁት። የሌላ ሰው ነገር ይመስላል።

ጋሼ በሩን ዝጊው አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን ሳይ ገባኝ። ከሁለቱም በኩል ተደውሎላቸዋል። አንዱ ስለ ንግድ ፈቃዳቸው ጠየቃቸው። አንዱ የቤታቸው በርና መስኮት ጠንካራ እንደሆነ። «ሁለቱም በትሕትና ነው የጠየቁኝ» አሉ። ይኼ ነው የባሰ ያስፈራቸው።

እሑድ እኮ ነበር አልኳቸው። ዕረፍቴ ነበር። እዚህ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

«የትም ተናገሪ፣ የኔ ሠራተኛ ነሽ ይሉኛል።»

«ጋሼ፣ እኔ መቃብር ላይ ነበርኩ!»

ስኳሩን ወደኔ ገፉ።

«እርስዎም ነበሩ። አልቅሰዋል። አንጀቴን በላሽው ብለውኛል።»

«ያን ቀን እንደ ሰው ነው የመጣሁት።»

«ዛሬስ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ በዚህ ቤት የሚተዳደሩትን አንድ በአንድ በስም ጠሩልኝ። ወጥ ቤቷን። ዘበኛውን። አልጋ አንጣፊዎቹን። አስተናጋጇን ዓለምነሽን፣ ጓደኛዬን። ሆቴሉ ከተዘጋ እነዚህ ሁሉ የት ይገባሉ? አሉኝ። ውሸት ቢሆን በጮኽኩባቸው። እውነት ነው። እውነት መሆኑ አሰረኝ።

ስወጣ፣ ቪዲዮው ከወረደ እናያለን አሉኝ። እናያለን። እሺ።

ሻዩን አልጠጣሁትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሰው ያየኛል። ተከራይቼ የምኖርባት ክፍል ቀን ቀን ይህን ያህል ጨለማ መሆኗን አላውቅም ነበር፤ ቀን ኖሬባት አላውቅማ።

ጥጋቡ ዳቦ ይዞ መጣ። ተከራከርን። ለኔ አዝኖ ነው የመጣው፣ ግን ልቡ ለሁለት ተከፍሏል። አንድ ሠራተኛ ከሥራ ውጭ ሆኖ እገሌን ግደሉት ብሎ ቢጽፍ፣ አብረሽው ትሠሪያለሽ? አለኝ። አልሠራም አልኩት። እንግዲያው አሠሪ ያባርራል ማለት ነው አለኝ። እኔ ግደሉ አላልኩም፤ ለምን ሞተ ነው ያልኩት። «ድንበሩ የቱ ጋ ነው ታዲያ?» አለኝ። አላውቅም። የቱም ጋ ይሁን፣ የኔ ከዚያ ወዲህ ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው መልሱ የመጣልኝ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነኝ። ጋሼ ጉልበቴን ተከራይተዋል። ፈገግታዬንም፣ እሺ፤ ለእንግዳ ፈገግ ማለት ሥራዬ ነው። እሑድን ግን ማን ሸጠላቸው? ወንድሜን የምቀብርበትን አፍ ማን ሸጠላቸው?

ተናድጄ «እሱ» ብዬ ልጽፋቸው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። «እሳቸው» ይላል እጄ። ሰው ያባረረውን ሰው አንቱ ይላል?

አለቀስኩ። ደህና ሆንኩ። ደግሞ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ዳባት

በሚኒባስ ወረድኩ። ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ አልሰማችኝም መሰለኝ፤ ምስሩን ትለቅማለች። ቆይታ ቀና አለች።

«አንዱን ልጄን መንገድ በላው። አንቺን ደግሞ አፍሽ ይብላሽ?»

ወደ ምስሩ ተመለሰች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ብርቱካን ከጓዳ ሆና ሰምታለች። መጣች። ስልኩ እጇ ላይ ነው፤ ከእጇ አይለይም። ልጆቹን ካስተኛች በኋላ ሁልጊዜ ቪዲዮውን ታያለች አለችኝ እማዬ ቀደም ብላ፤ የኔን ድምፅ አይደለም የምትሰማው፣ ስሙ ሲጠራ ነው። በስልኩ ውስጥ ጌታነህ ሲባል፣ አቤት የሚል ይመስላታል።

አውርጂው ልላት አልቻልኩም። እሷ ቀደመችኝ።

«እህቴ፣ በኔ ምክንያት እንጀራሽን አታጪም።»

ተይ አልኳት። እስቲ ቆይ፣ እንማከር አልኳት። አንድ ጊዜ ነካችው። ደግሞ ነካችው። ከስልኩም አጠፋችው፣ ከፌስቡኩም። አታሎ መልሶ እንዳያስለጥፈኝ አለች። ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችና የተሰጣ ልብስ ላነሣ ብላ ወጣች። ልብሱ ትንሽ ነበር። ብዙ ቆየች።

እኔ አልተከተልኳትም። ምን ብዬ?

ሰኞ፣ ኅዳር 15፤ የነቢያት ጾም ገባ

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ወርዷል አልኳቸው። ስልካቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ «ወርዷል የምትይው ይኸውና»። አንዱ ገልብጦ ለጥፎታል፤ ሌላው ከሱ ገልብጧል። ዘፈን የደረበበትም አለ። የማላውቃቸው ሰዎች፣ የማላውቃቸው ከተሞች።

ከብርቱካን በቀር ሁሉም ሰው አለው።

ጋሼ አዘኑ፤ ያዘኑ ይመስለኛል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። አጭር ቪዲዮ ልቀረጽ። እዚያው ሆቴሉ በር ላይ፣ ስሙ እንዲታይ። ተሳስቻለሁ፣ በሐዘን ብዛት ያልሆነ ነገር ተናገርኩ፣ ሆቴሉን አይወክልም ልበል። ያን ቀን ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ።

የመጨረሻውን እላለሁ አልኳቸው። ሆቴሉን አይወክልም፤ እውነት ነው፣ አሁኑኑ ልበል።

«እሱ ብቻውን አይበቃቸውም።»

«የቱ ነው ያልሆነው ነገር? ወንድሜ አልሞተም ልበል?»

«የሺ፣ አታድክሚኝ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ደጅ መኪና ሲቆም ተነሥተው በመጋረጃው አጮለቁ። እንዲህ የሚፈሩ ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ፈርተው ባላያቸው ይሻለኝ ነበር፤ መጥላት ይቀለኝ ነበር። እስከ አርባው አስቢበት አሉኝ።

ኅሙስ፣ ኅዳር 18

ዓለምነሽ መጣች። ሹራቤንና መነጽሬን በፌስታል ይዛ። በር ላይ ቆመች። ግቢ እንጂ አልኳት። ወንበሬ ላይ አስቀምጠዋታል፤ ለጊዜው ነው ብለዋታል። ፊቴን እያየች አይደለም የምትናገረው።

«እምቢ ልል ነበር። እምቢ ብል እኔንስ?»

አልተቀየምኩሽም አልኳት። እውነቴን ነው። ቀናሁባት እንጂ። ስልክ ታነሣለች፣ ቁልፍ ትሰጣለች፣ እንኳን ደህና መጡ ትላለች። ይህን ያህል እንደምወደው አላውቅም ነበር ሥራዬን።

ስትወጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩ ላይ የለጠፈውን እያጠፋ ነው አለችኝ። የሚካኤልን ሥዕል ሳይቀር ያጠፋ አለ። ማንም አጥፉ አላላቸውም።

ተቃቅፈን ቆየን። ትንሽ ሳቅን፤ በሚካኤሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 21፤ ጽዮን

እማዬ ደወለች። በይውና ኑሪ ትለኛለች። ቃል ነው፣ ነፋስ ነው፣ እግዜር ልብሽን ያያል። ቤት ኪራዩ፣ የብርቱካን ልጆች። ሁሉም ልክ ነው። እሺ አስብበታለሁ አልኳት። እሺ ስላት ድምፅዋ ቀለል አለ። ያ ቀለል ያለ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ዋለ።

ብለው ምን አለበት? በመስታወት ፊት ሞከርኩት። «ተሳስቻለሁ።» ወጣልኝ። «ያልሆነ ነገር ነው የተናገርኩት።» እሱም ወጣ። አፌ ለካ ለሁሉም ይታዘዛል።

ከዚያ ጌታነህ ሊማሊሞ ላይ፣ መሪውን እንደጨበጠ ታየኝ። መስታወቱን አዞርኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24፤ አርባው፤ ዳባት

ምን ብዬ ልጀምርልህ።

ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ። የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጠላ። የንስሐ አባቴን መምሬ ካሳን ከድንኳኑ ውጭ አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው። አባ፣ ያልበደልኩትን በደልኩ ብዬ ይቅርታ ብጠይቅ ምን ይሉኛል? አልቸኮሉም፤ መቼም አይቸኩሉም።

«ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር እንባውን አፍስሷል፣ ልጄ። አንቺ ንስሐ የምትገቢበት አላየሁም። ሐሰት ተናግረሽ ከመጣሽ ግን፣ ያን ጊዜ ንስሐ አለብሽ።» ከዚያ «ረኀብም ፈተና ነው፤ አልፈርድብሽም» አሉኝ።

ከሰዓት ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ሁሉም እኔን ጠበቁ። የጌታነህን ፎቶግራፍ ብርቱካን ይዛለች። ተነሣሁ። አፌን ከፈትኩ።

አንዲት ልጅ ስልኳን ወደኔ ስታነሣ አየሁ። ክፉ አስባ አይደለም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

አልወጣም።

ደብተሬ፣ አልወጣም። የወንድሜን ስም እንኳ። ጋሼን አሰብኩ፣ የሆቴሉን ስም አሰብኩ፣ ይኼኛው ቃል የየትኛው ወገን ይባላል ብዬ አሰብኩ። በወንድሜ አርባ ላይ ቃል መረጥኩ! ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ገባው። አንዲት አሮጊት «ልጅቱን ዘጓት» አሉ። ወንበር፣ ደሞዝ፣ ሥራ አይደለም የወሰዱብኝ። ይህን ነው።

ያን ጊዜ እማዬ ተነሣች። ሙሾ አውጥታ የማታውቀው እማዬ። በይውና ኑሪ ያለችኝ እማዬ። ጎኔ መጥታ ቆመች፣ እጄን ያዘች፣ ስልክ ወደያዘችው ልጅ ዞረች።

«ቅረጪኝ፣ ልጄ! እኔን ማን ያባርረኛል?»

ግጥም የላትም። ቤት አይመታላትም። «ጌታነህ» አለች። ደግሞ «ጌታነህ»። «ማን መታህ፣ ልጄ? ማን ይንገረኝ?» ድምፅዋ ይሰነጠቃል፣ መልሳ ትጀምራለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ብርቱካን መሬት ወደቀች። እኔ የእማዬን እጅ ይዤ ቆምኩ፤ ከዚያ በቀር ምንም አላደረግሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 26፤ ደባርቅ

ጠዋት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። አልተቀመጥኩም። አልቀረጽም አልኳቸው። ሁለት ጊዜ አልኩት፤ የመጀመሪያው ድምፅ አልነበረውም። ሌላ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ እሑድ፣ ስለ አፍ፣ ስለ መቃብር። ረሳሁት።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቄ ነበር» አሉ። በቀስታ «እናትሽን አየኋት፣ በስልክ» አሉ። የወሩን እስከ መጨረሻው እከፍላለሁ አሉኝ። አመሰገንኩ። ልማድ ነው። ዓለምነሽ ሪሴፕሽኑ ላይ ቀና ሳትል አለፍኳት፤ ለሷ ብዬ።

ክፍሉን እንደምለቅ ለአከራይቷ ነገርኳት። ነገ ጠዋት ዳባት እወርዳለሁ። ከእማዬ ጋር፣ ከብርቱካንና ከልጆቹ ጋር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ይፈልጋል ብሎኛል ጥጋቡ፤ ስሜን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ጾም ነው። ቂም ይዤ መጾም አልፈልግም። ስለዚህ እዚህ ላይ፣ ጋሼ ፈንታሁንን ከልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሣሁ። ፈርተው ነው፣ አይቻቸዋለሁ፣ በመጋረጃው ሲያጮልቁ አይቻለሁ። ሰው ናቸው። ግን አርባው ላይ አፌን ከፍቼ ስቆም፣ የወንድሜ ስም አልወጣም። ይቅርታውም ብዕሬ ላይ ቀረ።