የደሴ ፍጥነት፣ የኮምቦልቻ ሙቀት

ሰይዴ፣

ሰላም ይድረስህ ልልህ ብዬ፣ በማን እጅ ይደርሳል አልኩና ተውኩት። ከሄድክ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። አላህ ይዘንልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል፣ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። መቼም ታውቀኛለህ፣ ወሬ ይዤ መቀመጥ አልችልም። ይሄኛውን ደግሞ ከአንተ በቀር ቁም ነገር ብሎ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

የቤቱን ላስቀድምልህ። የሱቁን በር ሰማያዊ አስቀባሁት። ጎረቤታችን መሪማ ልጇን ዳረች። ልጃችን ሐያት ደሴ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ፣ አንዱ ላንቺ ነው፣ ሱቁን ዝጊና ነይ እያለች ዓመት ሙሉ ነዘነዘችኝ። አንተ እየቀረጽክ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ የስንቱን ሠርግ ያወጣንበትን ሱቅ ዝጊ ማለት ለሷ ቀላል ነው። አሁን ቀረጻውን ሌሎች ያመጡልኛል፣ ማስተካከሉ የኔ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሐያት ያለ ምክንያት አልነዘነዘችኝም። ካሜራው ሁሉ አዲስ ሆነና ምስሉ ለኮምፒውተራችን ከበደው። አንድ ሠርግ ጨርሶ ለማውጣት ጠዋት ያስጀመርኩት መግሪብ ይደርስበታል። መሀል ላይ ከደረቀ ደግሞ እንደገና ከሀ። ሁለት ደንበኞች ቀረጻቸውን ተቀብለውኝ ሄዱ። መሪማም የልጇን ቪዲዮ ልትጠይቅ መጥታ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደ ድንጋይ ተቀምጬ ብታገኘኝ፣ “አንቺ ዘሀራ፣ አንቺ እንኳ የሐዘን ኢዳሽን ጨርሰሻል፤ ይሄ ኮምፒውተር እስካሁን ሐዘን ላይ ነው?” አለችኝ። ሳቅኩ፤ ግን ነካኝ።

ሙሽራዋ፣ የመሪማ ልጅ፣ ዓርብ ባሏ ወደሚሠራበት አገር ስለምትሄድ ቪዲዮው እስከ ሐሙስ ማለቅ ነበረበት። ሐያት ይህን ሰምታ ተዋዋለችኝ፦ ለሐሙስ ከደረሰ ሁለተኛ ሱቁን አታነሳብኝም፤ ካልደረሰ ሻንጣ ይዛ ትመጣለች፣ እኔም ያለ አተካራ ደሴ እወጣለሁ። እሺ አልኳት። ሥራ የማይደርስበት ሱቅ በሩ ቢቀባ ምን ይሆናል?

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ፣ “እናቴ፣ ታማሚው ደሴ ሆስፒታል ነው የሚወርደው?” ብሎ ቀለደብኝ። ብዙም አልተሳሳተም። የሄድኩት ጓደኛህ ጋሽ ሙላቱ ዘንድ ነው። ማስተማሩን ትተው አሁን ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚጠግኑት።

እዚህ ላይ ትቆጣለህ፤ ተቆጣ። ትዝ ይልህ እንደሆነ ሱቃችን ድረስ መጥተው፣ አንጎሉን፣ ፕሮሰሰሩን፣ በተሻለ እንቀይርለትና ፍጥነቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ እናውጣው ብለውህ ነበር። አንተ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመህ እጅህን ዘረጋህ። በቅሎ መሰለዎት እንዴ የሚጋልቡት አልካቸው። እሳቸውም፣ አንተ ሰይድ፣ ቆማ ከምታረጅ በቅሎ የምትጋለብ ትሻላለች ብለው ሳቁብህ። አንተ አልሳቅክም። እኔንም ቢሆን በጽዳት ሰበብ እንኳ ክዳኑን እንድከፍት ፈቅደህልኝ አታውቅም።

ከፈትኩት፣ ሰይዴ። ጋሽ ሙላቱ ዓይናቸው ደከም ስላለ እሳቸው እያዘዙ በእኔ እጅ ነው የተሠራው። ማራገቢያውን ፈታሁ፣ የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠረግሁ፣ የቆየውን ፕሮሰሰር አነሳሁ። የስንቱን ሠርግ፣ የሐያትን ምርቃት፣ ያን ሁሉ ያየ ነገር መዳፌን እንኳ አልሞላም። አዲሱን፣ አዲስ ስልህ ያገለገለ ነው፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ምልክት ከቦታዋ አገናኝቼ አስቀመጥኩት። አይጫኑትም፤ በትክክል ከመጣ ራሱ ቁጭ ይላል። ከላዩ የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት ጠብ አድርጌ ትልቅ ማራገቢያ ገጠምንበት።

ቀጥሎ ጋሽ ሙላቱ ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት የሚገባበትን ማስተካከያ፣ ባዮስ የሚሉትን ከፈቱ። የፕሮሰሰሩ የፍጥነት ቁጥር በፋብሪካው ልክ ሠላሳ አራት ላይ ነው። አንድ አንድ እየጨመሩ፣ በየደረጃው ከባድ ሥራ እየሰጡ ሙቀቱን እያዩ አርባ አራት አደረሱት። እዚያም ላይ ሙቀቱ ከሰማንያ ዲግሪ አልፎ አልሄደም። እሳቸው ሹራባቸውን ደርበው፣ እኔ በፎጣዬ ተጠቅልዬ፣ እንደ ልጅ እልል ማለት ነበር የቀረን።

ማክሰኞ ሱቄ አስገብቼ፣ እንደ ወጉ ዳንቴሉን አለበስኩትና የመሪማን ልጅ ሠርግ አስጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ በረረ። ዙህር ሲጠራ ግን ድርግም ብሎ ጠፋ። አስነሳሁት፣ ጠፋ። ደግሜ አስነሳሁት፣ ጠፋ። ያን ጊዜ አንተ ነህ ትዝ ያልከኝ፤ እጅህን ዘርግተህ የቆምክበት። አላልኩሽም ወይ የምትለኝ መሰለኝ። ሻንጣዎቼ አልጋው ስር እንዳሉ እንኳ አሰብኩ።

ከዚያ ዳንቴሉን አየሁት። የሠራሁት እኔ፣ አልብሺው ያልከኝ አንተ። የአየር መውጫውን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ከአቧራ እንጠብቀው ብለን በዳንቴል አፍነነው ኖሯል። ገፍፌ ጣልኩት፣ ክዳኑንም ከፈትኩለት። ጥቂት ቆየ፤ ኋላ ግን መጥፋቱ አልቀረም።

በሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ሰው እያራገፈ ነበር። አንዲት ሴትዮ ጃኬቷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ልጇን ደግሞ ሹራብህን አውልቅ እያለች ትጎትተዋለች። የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኔም ሰኞ ዕለት ስመለስ ፎጣዬን ያነሳሁት እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ግን ማን አወለቀለት? በደሴ ብርድ የተለካ ፍጥነት ይዞ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ሙላቱ ጋ ደውዬ ይህን ነገርኳቸው። “ዘሀራ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምሬ፣ ብርዱን ከሂሳብ አላስገባሁትም” አሉ። መልሰሽ አምጪው አሉኝ። ሐሙስ ደርሷል፣ አልወጣም፣ በስልክ ይንገሩኝ አልኳቸው። ቁልፉን ተጭኜ ባዮስ ገባሁ። አርባ ሦስት አደረግሁት፣ ጠፋ። አርባ ሁለት፣ ቆይቶ ጠፋ። ረቡዕ አርባ አንድ አደረግሁትና በጠዋት አላስጀመርኩትም፤ ሆን ብዬ ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ እስክትወጣ ጠበቅሁ። በቀትር ከያዘ ሁልጊዜም ይይዛል ብዬ ነው። ዙህር ሰግጄ አስጀመርኩት። ዘጠና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሙቀቱ እዚያው ረጋ። አሱር ሳይጠራ ሠርጉ አልቆ ወጣ።

ሐሙስ ሐያት ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። መሪማና ሙሽራዋ ሱቁ ውስጥ ቆመው ቪዲዮውን እያዩ ነበር፤ መሪማ ራሷን ስትጨፍር አይታ ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች። ሐያትም ሻንጣዎቹን አስቀምጣ አብራ አየች። ሲወጡ፣ “እማ፣ ታዲያ ብቻሽን ልትሆኚ ነው?” አለችኝ። ያስጨነቃት ሱቁ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። በየእሑዱ እየወጣሁ እንዳድርላት ተስማማን፤ አንዱ ሻንጣም በሷ ቤት ለሚቀመጡ ልብሶቼ ቀረልኝ።

እንግዲህ ይሄው ነው። በፋብሪካው ልክ ይቁም ያልከው አንተ ነህ፣ አርባ አራት ይሂድ ያሉት ጋሽ ሙላቱ። አርባ አንድን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ ፈገግ እያልኩ ነው፤ ያለ አንተ እንዲህ መደሰት በመጀመሪያው ዓመት ነውር ይመስለኝ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲያነሳህ ደጉ ሰይድ፣ አዋቂው ሰይድ ነው የሚለው። የሞተ ሰው በመልካም ይነሳል፣ እኔም በሰው ፊት እንደዚያው እላለሁ። ለብቻዬ ግን እልኸኛውንም እይዘዋለሁ፤ ማንም እንዳይነካ እጁን ዘርግቶ ኮምፒውተር ፊት የቆመውን፣ ተሳስቶም ደስ የሚለውን ባሌን። እሱን ከእኔ ሌላ የሚያስታውስልህ የለም፤ አልረሳልህም።

ዘሀራህ
ኮምቦልቻ