ኢታማር ጠመንጃ ያነሣ ጊዜ

ሦስተኛ ወር፣ 9 (1861 እ.ኤ.አ.)

ኤኖስ ዛሬም ሲያክ ዋለ። ባሪያ የለቀመው ጥጥ ቤቴ አይገባም ብሎ ከወሰነ ወዲህ ባሌ ከውስጥ እስከ ላይ የሚለብሰው ሱፍ ነው። የሸንኮራ ስኳርም ያው የባሪያ ላብ ነውና ክልክል። ሻያችን የሚጣፍጠው በሜፕል ዛፍ ጭማቂ ነው፣ የዛፍ ይሸታል... እንግዳ ሲመጣ አንድ ጊዜ ቀምሶ፣ ዞር ብሎ መስኮት ያያል።

"እውነት ከአንተ ጋር ናት፣ ግን ታሳክካለች፣" አልኩት። ኢታማር ብቻ ሳቀ። ልጄ ሲስቅ ደስ ሲለኝ!

ደቡቦቹ ባሪያችንን አትንኩብን ብለው፣ ሰባት ግዛት ከአሜሪካ ተገንጥሎ ወጥቷል አሉ። አገር እንደ ዳቦ ይቆረሳል እንዴ?

አራተኛ ወር፣ 15

ደቡቦቹ የመንግሥትን ምሽግ በመድፍ መቱ። ጦርነት ሆነ። መንደሩ ከበሮ በከበሮ ነው።

ኤኖስ እራት ላይ፣ "እኛ ኩዌከሮች ሰው አንገድልም፣ እምነታችን ነው። አለቀ።" ኢታማር ድንቹን በሹካ ይወጋል... ድንቹ ምን አደረገው?

አራተኛ ወር፣ 17

የፈራሁት ደረሰ። "እማ፣ ልዘምት ነው።"

"ለአባትህ ንገር።" ፈሪ ነኝኮ።

ነገረው። ኤኖስ፣ "ባርነትን እኔ የጠላሁት አንተ ሳትወለድ ነው!"

"አዎ አባ፣ ስኳር አልበላህም። ፊቢን ግን ወሰዷት።"

ፊቢ... ባርነት ካለበት ከኬንተኪ ከጌታዋ አምልጣ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ እኛ ዘንድ የተደበቀች። ኤኖስን "አንተ ምክር ስትጀምር ዶሮዎቹ ይተኛሉ" የምትለው። ባሪያ አሳዳጆቹ፣ ያመለጠ ይመለስ የሚለውን ሕግ ይዘው መጡ። ኤኖስ ባዶ እጁን በር ላይ ቆመ። ገፍትረውት ገቡ፣ አስረው ወሰዷት።

ኤኖስ ክርክሩን ትቶ ወደ ጎተራ ወጣ። እሱ! አፍ ከፈታ ጀምሮ ክርክር ትቶ የማያውቅ ሰውዬ።

አራተኛ ወር፣ 20

ሄደ። የሱፍ ካልሲ ሠርቼ ሰጠሁት። "ያሳክካል እማ።" "እንኳን! ስታክ አስበኝ።"

አባትየው ከጎተራ አልወጣም። ግትር። እንዴት አንድ ልጁን ሳይሰናበት? አለቀስኩ።

ሰባተኛ ወር፣ 25

ሽማግሌዎቹ ቤት ድረስ መጡ። ሥርዓታችን ነው፤ ጠመንጃ ያነሣ ሰው ተጸጽቻለሁ ካላለ ከማኅበሩ ይወጣል። ዳግም ወንድማችን አይባልም።

"ልጅሽ ተጸጽቷል?"

"በጦር ሰፈሩ ምግብ በጣም ተጸጽቻለሁ ብሎ ጽፏል፣" አልኩ። አልሳቁም። ኤኖስ ግን ጢሙን ሲያሻሽ አየሁት፣ ሳቅ ሲመጣበት እንደዚያ ነው።

ግን እውነት፣ እንዲጸጸት እፈልጋለሁ? በሕይወት ይምጣልኝ እንጂ... ሌላውን እንጃ።

ስምንተኛ ወር፣ 18

ዛሬ በጸሎት ቤት የኢታማር መባረር ተነበበ። የማኅበሩ ጸሐፊ ኤኖስ ነው። ሌላ ሰው ያንብብልህ ቢሉት፣ "ልጄ ነው፣ እኔ አነባለሁ" አለ። አነበበ። "ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይቆጠርም" የሚለው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ጨረሰው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ወንበር ይመለሳል ስንል፣ ወለሉን አቋርጦ ወደኛ መጣ። ወንድ በወንዶች፣ ሴት በሴቶች በኩል ነው የምንቀመጠው። ከተጋባን ጀምሮ እዚያ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደኛ አዞረ። እሱ እፊቴ ቆመ።

"ኤኖስ፣ ይሄኮ የሴቶች ነው፣" አልኩት በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ። ጠጋ በይልኝ።"

ጠጋ አልኩለት።