ቀዩ መስመር ወደ ታች

ወንድም ጋሼ፣

ማታ መድረክ ላይ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያውን፣ ሲንተሳይዘሩን፣ እንዳታቃጥለው ብዬ ነው የምጽፍልህ።
ክፍሎቹን ስትገጣጥም የጠፍጣፋው ገመድ ቀይ መስመር ሁልጊዜ ወደ ታች ይሁን። ከገለበጥከው ይቃጠላል።
ቀደም ብለህ አብራው። ሳይሞቅ ከቃኘኸው ድምፁ መሀል ላይ ይከዳሃል።
ለነገሩ ብቻውን የሠራ ሰው ይህን መች ያጣዋል!

ትናንት በሬዲዮ ሰማሁህ። አፍህን ሞልተህ "ሲንተሳይዘሩን ብቻዬን ነው የሠራሁት" አልክ። ጋዜጠኛዋ "እህትህስ አታግዝህም?" ስትልህ "እሷማ ሻይ ታፈላልኛለች" ብለህ ሳቅክ።
እኔ ያኔ ገመዱን ገልብጠህ ያቃጠልከውን የድምፅ ማጣሪያ ክፍል እየበየድኩልህ ነበር።

መበየጃዬን ይዤ አክስታችን ጋ ሄጃለሁ። ሌላውን ሁሉ ትቼልሃለሁ።
እንዳትደውልልኝ።

ሻይህ ፔርሙዝ ውስጥ ነው።