ያልተቆረጠው ዛፍ

አትላንታ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባቴ፣

ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የላክሁት መድኃኒት ደረሰዎት? ዓይንዎስ? እኔና ልጄ መክብብ በሕይወት አለን፣ ተመስገን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ተናድጃለሁ። በቫይበር እንዳልነግርዎት ድምፅዎን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እዚሁ አጠገባችን ዱሉዝ የምትባል ከተማ፣ አንድ ሱቅ ደጅ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ፣ አንደኛው ልጅ ፓርክ የተደረገ መኪና መስታወት ሰበረ። የእኔው እጁን ከኪሱ አላወጣም። ፖሊስ ደውሎ፣ ናና ያየኸውን ብቻ ንገረን አለው። የቀጠርኩለት ሎየር፣ ጠበቃው፣ ደግሞ እኔ ሳልኖር ትንፍሽ እንዳትል ብሎ አስጠነቀቀው። እዚህ አገር ጥቁር ልጅ ብቻውን ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ሲያወራ ምን እንደሚከተል የማውቀው እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም።

እርስዎ ግን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወሉለት! ያንኑ ተረትዎን ነገሩት። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ትንሽ ልጅ ሳለ የአባቱን ዛፍ በመጥረቢያ ቆረጠ፤ ሲጠየቅ መዋሸት አልችልም፣ እኔ ነኝ አለ፤ አባቱም ስለ እውነቱ አቅፎ ሳመው። በተረቱ ዛፉ ቼሪ የሚባል ፍሬ ነው፤ እኛ ልጆችዎ ስለማናውቀው ኮክ አድርገውልን ነበር። ለመክብብም ኮክ አሉት። እኔ ስደርስ ልጄ ብቻውን ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ የመኪና ቁልፍ ይዞ በር ላይ ነው። እውነት የተናገረ ምንም አይሆንም ብሎኛል አያቴ አለኝ። ቁልፉን ከእጁ ቀማሁት፤ ጮህኩበት፤ አለቀስኩም።

ሲረጋጋ ምን አለኝ መሰለዎት? ታሪኩ እኮ ፈጠራ ነው ማሚ፤ ሰውዬው ከሞተ በኋላ አንድ መጽሐፍ ሻጭ የጨመረው ነው፣ አስተማሪያችን ነግራናለች አለኝ። ታዲያ ለምን ልትሄድ ተነሳህ ስለው፣ ያመንኩት ታሪኩን ሳይሆን አያቴን ነው አለኝ።

ይህ ነው ያናደደኝ! ዋሽንግተን አገር መሥርቷል፤ ሥልጣን በቃኝ ብሎም ለቋል፤ አልካድኩም። ግን በመቶ የሚቆጠሩ ባሪያዎችም ነበሩት። ከቤቱ ያመለጠችን አንዲት ወጣት ዓመታት ሙሉ ሲያሳድዳት ነበር። ባለፈው ይህንን ስነግርዎት በኑዛዜው ነፃ አውጥቷቸዋል ብለው ተከራከሩኝ። ከሞተ በኋላ! ያውም የራሱን ብቻ፤ የሚስቱን ወገን ባሪያዎች ማን ነፃ አወጣቸው? ተረቱን የነገረዎት፣ አብሮዎት ያስተምር የነበረው የሰላም ጓዱ አሜሪካዊ ይህን አልነገረዎት ይሆናል። ይሁን፣ ያኔ አላወቁም።

አንዷለምንስ? በአብዮቱ ጊዜ ወንድሜ የተከለከለ ወረቀት መበተኑን ለማንም አላመነም። ለእርስዎ አመነ፤ የኮኩን ዛፍ ነግረውት። ራሱን ያጋለጠ ይማራል ተብሏል ብለው፣ ኮትዎን አልብሰው፣ እጁን ይዘው ቀበሌ ወሰዱት። አጥሩ ሥር ቆሜ አየኋችሁ። ሲመለሱ ብቻዎን ነበሩ። ያለ ኮት።

ከዚያ ለጎረቤቱ ሁሉ ታይፎይድ ገደለው አሉ። ለዘመዱ ታይፎይድ። እናቴ እውነቱን ለማንም ሳታወጣ ሞተች። ልጄም እስከ ዛሬ አጎቱን ታይፎይድ እንደገደለው ነው የሚያውቀው። አይ አባቴ! መዋሸት ስለማይችል ልጅ ሲያስተምሩ ኖረው!

መክብብ ከሎየሩ ጋር ገብቶ በሰላም ወጥቷል፤ አያስቡ። ግን ትናንት እራት ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አያቴ ይህን ታሪክ ከእኔ ሌላ ለማን ነግሮ ያውቃል አለኝ። ሳህኑን አነሳሁና ወደ ማጠቢያው ሄድኩ።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ንዴቴ ሳይወጣልኝ እንዳያመልጡኝ። ወደ እኛ የሚመጡበት በረራ እንደታሰበው በሰኔ ነው። ኤርፖርት የሚቀበልዎት መክብብ ነው፤ መንዳት ለምዷል። መንገድ ላይ ይጠይቅዎታል። ይንገሩት። እውነቱን ከነገሩት አቅፎ ይስምዎት ይሆናል፤ ልጅ ነው፣ ይወድዎታል።

እኔ ግን ቃል አልገባም።

የቀረችልዎት ልጅዎ